በር ላይ የሚቀሩትን ማስገባት፦ ለከተማ ዳር የአእምሮ ጤና ክፍሎች የአሠራር መመሪያ

የምሠራበት ጤና ጣቢያ ያለው ኮንዶሚኒየሙ አልቆ የጤፍ ማሳው በሚጀምርበት ቦታ ነው። ከመስኮቴ በአንድ በኩል አራተኛ ፎቅ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ በሌላው በኩል በመኸር ጊዜ አውድማ ላይ የሚያበራዩ በሬዎች ይታዩኛል። የሥነ አእምሮ ነርስ ነኝ። ክፍላችን ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ አለው፤ መሳቢያው በቁልፍ ይዘጋል፤ መስኮቱ ግን በደንብ አይዘጋም።

ፍትሐዊነት፣ ብዝኃነትና አካታችነት የሚሉትን ሦስት ቃላት አንድ ላይ የሰማሁት አዳማ በተሰጠን የሁለት ቀን ሥልጠና ላይ ነው። ሥልጠናው መጥፎ አልነበረም፣ ምሳውም ጥሩ ነበር። አበላችንን ፈርመን ተመለስን፣ ፖስተሩንም ኮሪደር ላይ ለጠፍነው። በሳምንቱ ዘበኛችን አንድ ወጣት ከነእናቱ "እዚህ እብድ አይታከምም፣ አማኑኤል ውሰጂው" ብሎ ከበር መለሰ። እኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ ታካሚ እየጠበቅሁ ነበር። ነገሩን የሰማሁት ከሁለት ወር በኋላ እናትየው ለደም ግፊቷ ስትመጣ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬ ተለወጠ። "የመጣውን ሰው በእኩል ዓይን አየሁት ወይ?" ማለቴን ትቼ "ያልመጣው ማን ነው?" ማለት ጀመርኩ። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በዚያ ጥያቄ ዙሪያ፣ ሁለትም ሦስትም ሆነው በአንድ ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና ክፍል ለሚሠሩ ባልደረቦች ነው። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለበትም።

አማኑኤል ሆስፒታል ከተቋቋመበት ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ከወለጋም ከባሌም የተነሳ ሰው መድረሻው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. የአእምሮ ሕክምና ክፍተትን ለመሙላት ኤምኤችጋፕ የተባለውን መርሐ ግብር ሲያወጣ፣ ኢትዮጵያም ተቀብላው ሥልጠናው ወደ ጤና ጣቢያ ሲወርድ፣ ሐሳቡ ሕክምናውን ወደ ሰው ደጅ ማቅረብ ነበር። በርግጥም ቀርቧል። ግን ቀረበ ማለት ሁሉም ገባ ማለት አይደለም።

አንደኛ፦ መዝገቡን ግለጡ

ያለፉትን ስድስት ወራት መዝገብ አውጡ። ባዶ ወረቀት ላይ ጾታ፣ ዕድሜና ሰፈር ብላችሁ መስመር አስምሩና እያንዳንዱን ታካሚ በጭረት ቁጠሩ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ዓርብ ከሰዓት ይመቻል።

ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችሁ ጋ ሂዱ። ከተማ ውስጥ ይህ ሥራ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቤት ለቤት የሚዞሩት እነሱ ናቸው። "በዚህ ሰፈር የምታውቂው፣ የታመመ፣ እኛ ጋ ግን ያልመጣ ሰው አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። በእኛ ዙሪያ መልሱ ሁልጊዜ ወደ እነዚሁ ሰዎች ያመራል፦ መሬታቸው ለግንባታ የተወሰደባቸው አርሶ አደሮች፣ ባላለቀ ሕንፃ ውስጥ የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች፣ ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶች፣ የቤት ሠራተኞች። የመጨረሻዎቹን ማግኘት ከሁሉም ይከብዳል፤ ያለ አሠሪዎቻቸው ፈቃድ አይወጡምና።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። መዝገባችሁ ላይ ብሔር የሚል መስመር አትጨምሩ። ሰው ታሞ በመጣበት ቦታ ብሔሩን ሲጠየቅ ምን እንደሚያስብ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለሕክምናው የሚጨምረውም ነገር የለም። የሚጠቅማችሁ ቋንቋ ነው፣ አጠያየቁም ይኸው፦ "በየትኛው ቋንቋ ብናወራ ይቀልዎታል?" መልሱን ካርዱ ጥግ ላይ ጻፉት።

ሁለተኛ፦ ታካሚ ሆናችሁ በበሩ ግቡ

ጋዋናችሁን አውልቃችሁ፣ የማያውቃችሁ አዲስ ዘበኛ ባለበት ቀን፣ ወይም የሰፈር ሰው ልካችሁ፣ ከበሩ እስከ ክፍላችሁ ያለውን መንገድ ተጓዙት። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ሞክሬዋለሁ። ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ያለው ልጅ "ምንሽን ነው የሚያምሽ?" አለኝ፣ ከኋላዬ የተሰለፉት አሥራ አምስት ሰዎች እስኪሰሙ። ቀስ ብዬ "ጭንቀት" ስል "የአእምሮ ናት!" ብሎ ወደ ውስጥ ጮኸ። እኔ እንኳ ደሞዜ የሚከፈለኝ እዚያው ሆኖ ጆሮዬ ጋለ።

ያስተካከልነው እንዲህ ነው። ካርድ ክፍሉ የሕመሙን ዓይነት መጠየቅ ትቶ ክፍሎቹን በቁጥር ብቻ መጥራት ጀመረ። እኛ 9 ቁጥር ሆንን። በራችን ላይ የነበረው "የአእምሮ ሕሙማን ክፍል" የሚለው ወረቀት ተነሳ። የቀጠሮ ተመላሾች ስኳርና ደም ግፊት ከሚከታተሉት ጋር እዚያው ወንበር ላይ ይጠብቃሉ። ለብቻ የተቀመጠ ወንበር ሁሉ ያጋልጣል።

ስለ ዘበኛው ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሥልጠና ላይ ማንም አያነሳውም። ዘበኛ በጤና ጣቢያችሁ ውስጥ ታካሚውን መጀመሪያ የሚመረምረው ሰው ነው፤ ይግባ አይግባ የሚወስነው እሱ ነው። ስለዚህ ቡና ጋብዙትና ግማሽ ሰዓት አብራችሁት ተቀመጡ። ሦስት ነገር ብቻ አስረዱት። የሚጮህ ወይም ብቻውን የሚያወራ ሰው ሲመጣ ዱላውን መሬት ላይ ያስቀምጥ። ሰውየውን ወይም ያመጣውን ዘመድ "እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ወደ 9 ቁጥር ግቡ" ይበል። ከፈራ ስልክ ይደውልልን፣ አናሳፍረውም። ያ ወጣቱን የመለሰው ዘበኛ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና "እኔም እኮ ወንድም አለኝ" አለኝ። አልጠየቅሁትም። በሳምንቱ ወንድሙን ይዞት መጣ።

ዘበኞች በኤጀንሲ ስለሚቀጠሩ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣሉ። ቡናውም በየጊዜው ነው።

ሦስተኛ፦ ለቋንቋ ሰው መድቡ

እዚህ ላይ ያጠፋሁትን ልናገር። አንዲት እማማ ከማሳው በኩል መጡ። አፋን ኦሮሞ እንጂ አማርኛ አይችሉም፣ እኔ ደግሞ ከሰላምታ በቀር አላውቅም። አምስተኛ ክፍል የምትማር የልጅ ልጃቸው ዩኒፎርሟን እንደለበሰች አብራቸው ነበረችና እሷን አስተርጓሚ አደረግኋት። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ድካም እያልን ሄድን፣ ልጅቷም ጎበዝ ነበረች። "ራሳቸውን ስለማጥፋት አስበው ያውቃሉ ወይ በያቸው" ስላት ግን ቆም አለች፣ ደብተሯን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች፣ ከዚያ ለአያቷ አጭር ነገር አለቻቸው። እማማም አጭር መለሱ። "አይ ትላለች" አለችኝ። ካርዱ ላይ "የለም" ብዬ ጻፍኩ።

በወሩ ትልቅ ሰው አስተርጓሚ አግኝተን ያንኑ ጥያቄ ስንደግመው አንድ ጊዜ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ማሰባቸውን ነገሩን። ልጅቷ ያን ዕለት የጠየቀቻቸው "ደክሞሻል ወይ?" ብላ ነበር። ምን ታድርግ? እኔም በእሷ ዕድሜ ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው። ልጅ አያስተርጉም፣ በፍጹም። ባል ለሚስቱ፣ ሚስት ለባሏ፣ ስለ ሞት፣ ስለ ድብደባና ስለ መጠጥ የሚነሳውን ጥያቄ አያስተርጉሙ። ቤተሰብ ስለ አመጣጡና ስለ ቀጠሮው ቢያግዝ ችግር የለውም።

አስተርጓሚ ስታገኙ ከታካሚው በፊት አምስት ደቂቃ ለብቻችሁ ተነጋገሩ። የሚከብዱትን ቃላት አስቀድማችሁ ተስማሙባቸው። "ድምፅ ይሰማዎታል?" የሚለው "ጆሮዎ በደንብ ይሰማል?" ተብሎ እንዳይተረጎም። ሦስቱን ወንበሮች በሦስት ማዕዘን አስቀምጡ። ስታወሩ ዓይናችሁ ከአስተርጓሚው ላይ ሳይሆን ከታካሚው ላይ ይሁን። ዐረፍተ ነገራችሁ አጭር ይሁን፣ አንድ ጥያቄ በአንድ ጊዜ። አስተርጓሚው "እንቅልፍ የላትም ትላለች" ከማለት እሷው እንዳለችው "እንቅልፍ የለኝም" ይበል። ታካሚዋ ለሦስት ደቂቃ አውርታ ትርጉሙ "ደህና ነኝ ትላለች" ከሆነ አቁሙና እንደገና ጠይቁ። ሲያልቅ ደግሞ አስተርጓሚውን ዝም ብላችሁ አትሸኙት። የሰማው ነገር ከብዶት ሊሆን ስለሚችል "እንዴት ነበር?" በሉት። የሰማውን ይዞ ሰፈር እንደማይገባም በዚያው አስታውሱት።

እናንተም ሃያ ቃል ተማሩ። እኔ የጀመርኩት "ማልቱ ኢሲን ዱኩባ?" ከሚለው ነው፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት ማለት ነው። ሂሪባ እንቅልፍ፣ ያዶ ሐሳብና ጭንቀት። አነጋገሬ ያስቃቸዋል። የሚስቅ ታካሚ ግማሽ መንገድ መጥቷል ማለት ነው። በእኛ በኩል ከአፋን ኦሮሞ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ወላይትኛና ሐዲይኛ ነው፣ በግንባታው ምክንያት። ሽሮ ሜዳ በኩል ላላችሁ ጋሞኛ ይሆናል፣ ሸማኔዎቹ አሉና። አስተርጓሚ በአካል ካልተገኘ ሌላ ጤና ጣቢያ ያለ ባልደረባ በስልክ ድምፅ ማጉያ ያግዛችሁ፤ ያኔ የታካሚው ስም አይጠራ።

አራተኛ፦ የምትጠሩበትን ስም አስተካክሉ

ፒኤችኪው-9 የሚባለው ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድባቴ መጠይቅ በአማርኛ ተተርጉሞ እዚሁ አዲስ አበባ ተፈትሿል፤ ተጠቀሙበት። ግን ከመጠይቁ በፊት ሰውየው ራሱ ያለውን ቃል በቃል ጻፉ። "ልቤን ያፍነኛል"፣ "ራሴ ውስጥ ይነድዳል"፣ "ሐሳብ በዛብኝ"፣ "ሰውነቴን ይቆራርጠኛል"። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን። እነዚህ ሰዎች ግን አልደበቁም፤ ሆዳቸውን ሲያማቸው ከርሞ ሦስት ጊዜ የጨጓራ መድኃኒት ወስደው ነው የሚመጡት። ተናግረዋል፣ የሰማቸው ግን የለም።

ካርድ ላይም በአፍም የማይገቡ ቃላት አሉ። እብድ፣ ቀውስ፣ ለካፋ። የሚጥል በሽታን "የባሪያ በሽታ" የሚል ሰው ዛሬም ይገጥማችኋል፣ አንዳንዴም ነጭ ጋዋን ለብሶ። አንድ ቃል ታማሚውንም አንድን የሕዝብ ወገንም በአንድ ላይ ሲሰድብ ይህን የሚያህል አላውቅም። ስትሰሙ እዚያው አርሙ፣ ሰው ፊት ግን አታዋርዱ።

ሌላም አለ፣ ትንሽ የሚመስል። ከታመሙ በኋላ "እርስዎ" ይቀራል። ትናንት ጋሼ ይባሉ የነበሩ የሃምሳ ዓመት ሰው ዛሬ ካርድ ክፍል "አንተ፣ ና ወዲህ" ይባላሉ። ጎረቤትም፣ የገዛ ልጅም፣ እኛም እናደርገዋለን። ጋሼን ጋሼ፣ እትዬን እትዬ በሉ፤ ራሳቸውን ባያውቁ እንኳ፣ ድምፅ ከፍ አድርገው ቢሳደቡም። ሲሻላቸው ያስታውሱታል።

አምስተኛ፦ ሰዓቱንና ገንዘቡን ቁጠሩ

የቀን ሠራተኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ቆሞ ሥራ ይፈልጋል። ቀጠሮው ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ ያን ቀን አይበላም። በወር አንዴ የሚወጋውን መርፌ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ብታደርጉለት ከሥራ ሲወጣ በዚያው ያልፋል። ቀጠሮ ስትሰጡ ቀኑን በቁጥር ብቻ አትጻፉ። ማንበብ ለማይችል ሰው "የሚካኤል ማግስት" ማለት ከ13 ይበልጣል፣ ለሙስሊሙም ከጁምዓ በፊት ወይም በኋላ ብሎ መንገር ይቀላል። የሰፈሩን የገበያ ቀን አትንኩ።

የጤና መድን አባል የሆነ ሰው ደብተሩን ይዞ እንዲመጣ አስታውሱ። ነዋሪነት መታወቂያ የሌለው ሰው ግን የነፃ ሕክምና ወረቀት ለማምጣት ሦስት ቦታ ይመላለሳል። በከተማ ዳር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ቤቱ ወሰኑ ወዲህ፣ ማሳው ወዲያ የሆነ ሰው ሁለቱም አስተዳደር "ወዲያ ሂድ" ይለዋል። ይህን እናንተ አትፈቱትም። የምትችሉት ግን አለ፦ ወረቀቱ እስኪያልቅ የመጀመሪያውን ምርመራ አድርጉ፣ ከወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ የአንዱን ስልክ ያዙ፣ ታካሚውን ከመላክ እናንተ ደውሉ። መድኃኒት ስታዙም የሰውየውን ኪስ አስቡ። አሚትሪፕቲሊን፣ ፍሉኦክሴቲን፣ ሃሎፔሪዶል ጤና ጣቢያ ሲገኙ በርካሽ ነው፤ ውጭ ፋርማሲ ብቻ የሚገኘውን አዲስ መድኃኒት ጽፎ መስጠት ላንዳንዱ ሰው "አትታከም" ማለት ነው።

ስድስተኛ፦ ጠበሉ ጋ ሂዱ፣ መስጊዱ ጋም

ብዙ ታካሚዎቻችን እኛ ጋ ከመምጣታቸው በፊት ጠበል ቤት ሰንብተዋል፣ ወይም ቁርዓን ተቀርቶላቸዋል፣ ወይም ፓስተር ጸልዮላቸዋል። ከእነሱ ጋር የሚጣላ ባለሙያ ታካሚውን ያጣል። ይህን ከብዙ ክርክር በኋላ ነው የተማርኩት፣ ክርክሩንም አንድ ጊዜ እንኳ አላሸነፍኩም።

መንገዱ አጭር ነው። ከአጥማቂው ወይም ከኢማሙ ጋር ቁጭ በሉና አንድ ነገር ብቻ ለምኑ፦ መድኃኒት የጀመረ ሰው ከመጣ "መድኃኒትህን ተው" እንዳይሉት። በኤችአይቪ ዘመን እንጦጦ ጠበል ላይ ይኸው ጥያቄ ተነስቶ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ በይፋ ተናግረዋል። ይህን ስታነሱላቸው ብዙ አባቶች ይረዷችኋል። በምላሹ እናንተም የጾሙን ሰዓት አክብሩ። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ማታ ሊሆን ከቻለ ማታ አድርጉት፣ በረመዳን ደግሞ ከኢፍጣር በኋላ። ሰው በሃይማኖቱና በኪኒኑ መካከል እንዲመርጥ አታድርጉ፤ ኪኒኑ ይሸነፋል።

ሰባተኛ፦ ቤት የታሰሩትን ፈልጉ

መዝገባችሁ ላይ ፈጽሞ የማይገኙት እነዚህ ናቸው። በጓሮ ክፍል፣ በበረት፣ በሰንሰለት። በጉራጌ፣ ሶዶ ወረዳ የተደረጉ ጥናቶች ቤተሰብ በሰንሰለት የሚያስረው ብዙውን ጊዜ ከጭካኔ ሳይሆን ሕክምናም ረዳትም ሲያጣ መሆኑን አሳይተዋል። እኔም ያየሁት እሱን ነው። ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትተኛ እናት አይቻለሁ።

የምትሄዱት ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና ቤተሰቡ ከሚያምነው ሰው ጋር ይሁን፤ የዕድር ዳኛ ጥሩ ነው። ፖሊስ ይዛችሁ አትጀምሩ። መጀመሪያ ለታመመው ሰው ሰላምታ ስጡ፣ ከቤተሰቡ በፊት። ሰንሰለቱን ዕለቱኑ ፍቱ ብላችሁ ወጥታችሁ ብትሄዱ ማታ መልሰው ያስሩታል፣ ቀጥሎም በሩን አይከፍቱላችሁም። ሕክምናውን እዚያው ጀምሩ፣ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ፣ ቀን ቀን የሚፈታበትን ሰዓት ከቤተሰቡ ጋር ተስማሙ፣ በየጉብኝቱ ሰዓቱን አርዝሙ። ቁስል ካለ፣ ከተራበ፣ ወይም የሚደበደብ ከሆነ ግን ጊዜ አትስጡ፤ ዕለቱኑ ሪፈር ጻፉና አብራችሁ ሂዱ።

ስምንተኛ፦ ሴቶች ለብቻቸው የሚያወሩበት ደቂቃ ይኑር

ባልም እናትም ይዟት ቢመጣ ከምርመራው አሥር ደቂቃው የእሷ ብቻ ይሁን። "የክፍሉ ደንብ ነው" በሉ፤ ደንብ ሲባል ማንም አይቀየምም። አራሶችን ለማግኘት ደግሞ የ45 ቀን ክትባት ቀን ላይ ከክትባት ክፍሉ ጋር ተነጋገሩ፤ ሕፃኑን ይዘው የማይመጡ ጥቂቶች ናቸው። አንድ የመድኃኒት ነገር፦ ለሚጥል በሽታና ለስሜት መዋዠቅ ሕመም የሚሰጠው ቫልፕሮት ጽንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ ልትወልድ ለምትችል ሴት ሌላ አማራጭ ፈልጉ፣ ባል አለሽ ወይ ብላችሁ ሳትገምቱ። ከዓረብ አገር የተመለሱትን "ምን ደረሰብሽ?" ብላችሁ በመጀመሪያው ቀን አትጠይቁ። እንቅልፏን ጠይቁ። ሌላውን ጊዜው ሲደርስ ራሷ ታመጣዋለች።

ዘጠነኛ፦ አካል ጉዳተኞች

ክፍላችሁ ፎቅ ላይ ከሆነ ለዊልቸር ተጠቃሚ ምድር ቤት ክፍል ተውሳችሁ እዩ። መስማት ለተሳነው ሰው ወረቀት አውጥቶ አማርኛ መጻፍ መፍትሔ የሚመስለን ብዙ ነን፤ ትምህርት ቤት ያልገባ ከሆነ ግን አያነብም። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ስልክ ከወዲሁ ያዙ። ዓይነ ስውር ታካሚ ሁለት ዓይነት ኪኒን ካለው አንዱን ላስቲክ እሰሩበት።

አሥረኛ፦ ወደ ራሳችሁ ቡድን ተመለሱ

ሙያችን ገና ወጣት ነው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሳይካትሪስት ዶክተር ፍቅረ ወርቅነህ ናቸው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና የጀመረው ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ነው። ያለነው ጥቂት ነን። ጥቂት ስንሆን ማን እንደሚያድግና ማን እንደሚቀር የሚወሰነው ደግሞ በዝምታ ነው።

ስለ አስተርጓሚያችን ልንገራችሁ። እማማን ያስተረጎመችልን የጽዳት ሠራተኛችን ናት። አፋን ኦሮሞ የአፍ መፍቻዋ ነው፣ ወላይትኛም ከጎረቤት ተምራለች። ከዚያ ቀን በኋላ በየቀኑ እንጠራት ጀመር። ባልዲዋን ኮሪደር ላይ አስቀምጣ፣ እጇን በሽርጧ አድርቃ ትገባለች፣ አንድ ሰዓት ታስተረጉማለች፣ ወጥታ ወለሉን ትጨርሳለች። አንድ ቀን የጽዳት ኃላፊዋ ኮሪደሩ ቆሸሸ ብሎ ቀጣት። እኛ 9 ቁጥር ውስጥ ስለ ፍትሕ እያወራን እሷ በእኛ ምክንያት ደሞዝ ተቆረጠባት ማለት ነው።

እንዲህ አታድርጉ። ቋንቋ የሚያውቅ ሠራተኛ ካላችሁ ለኃላፊው በደብዳቤ አሳውቁ። በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን የማስተርጎም ሰዓት ተብሎ ይያዝ፣ ያን ሰዓት ሌላ ሰው ያጽዳ። ያስተረጎመችባቸው ሰዓታት ይመዝገቡ፣ የትርፍ ሰዓት የሚገባት ከሆነ ይጠየቅላት። ሥልጠና ሲመጣ ስሟ ዝርዝር ውስጥ ይግባ፤ አበሉም ለእሷ። የእኛዋ ልጅ ዘንድሮ ማታ ትማራለች። የጤና ረዳት መሆን እንደምትፈልግ የነገረችኝ ጠይቄያት ነው። ለምን ቀደም ብዬ እንዳልጠየቅኋት እንጃ።

ምሳ ጠረጴዛ ላይ የሚወራውን አዳምጡ። ስለ አንድ ብሔር አነጋገር የሚቀለድ ከሆነ፣ ስለ ታካሚ "የዛሬዋን ብታይዋት" ተብሎ የሚሳቅ ከሆነ፣ ከዚያ ብሔር የመጣው አዲስ ባልደረባችሁ ምሳውን ውጭ መብላት ይጀምራል። ከወጣ በኋላ ምክንያቱን አይነግራችሁም። ከፍ ያለ ኃላፊነት ያለው ሰው ቀልዱን ማስቆም አለበት፤ ለአዲሱ ልጅ መተው ፍርደ ገምድልነት ነው። ሴት ባልደረቦች ማታ ተረኛ ሲሆኑ ወደ ቤት የሚሄዱበትን መንገድ አስቡ፤ ከተማ ዳር ታክሲ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አይገኝም። ሪፖርት የሚያቀርበው፣ ወረዳ ስብሰባ የሚሄደው ሁልጊዜ አንድ ሰው ከሆነ በየተራ አድርጉት።

ታምሞ የዳነ ወይም እየታከመ ያለ ሰው መቅጠርን በተመለከተ ብዙ ማጉረምረም እሰማለሁ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 በሥራ ስምሪት ላይ በአካል ጉዳት ምክንያት ማግለልን ይከለክላል፣ የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል። ውለታ አይደለም፣ መብት ነው። እኛ ጋ ለሦስት ዓመት መርፌ የሚወጋ አንድ ሰው በቀጠሮ ቀን መጠበቂያው ወንበር ላይ እየተቀመጠ አዲስ የመጡትን ያነጋግራል። ምን እንደሚላቸው አላውቅም፣ አልጠይቅምም። ብቻ የእሱ ቀን ሲሆን ተሰላችቶ የሚመለስ ሰው ይቀንሳል። የትራንስፖርቱን እንሰጠዋለን፤ ወደፊት ደሞዝ እንዲሆን ጠይቀናል።

አሥራ አንደኛ፦ ለቀሩት ደውሉ

በየሦስት ወሩ መዝገቡን እንደገና ግለጡ። አሁን ግን ጭረቱን ብቻ አትቁጠሩ። ሁለት ቀጠሮ ያሳለፈውን ሰው ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ክበቡትና የተከበቡት ከአንድ ሰፈር፣ ከአንድ ቋንቋ ወይም ከአንድ ሥራ መሆናቸውን እዩ። ከሆኑ ጥፋቱ እኛ ጋ ነው፤ ከላይ ካሉት የአንዱን ደንብ ሳንጠብቅ ቀርተናል።

ከዚያ ደውሉ። በጤና ጣቢያው ስልክ ደውሉ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ቢሆን ይሻላል። ስልኩን ሌላ ሰው ካነሳው "ከ9 ቁጥር" አትበሉ፣ "ከአእምሮ ክፍል" ደግሞ ፈጽሞ። አከራይ ሊሆን ይችላል፣ አሠሪ ሊሆን ይችላል። ስማችሁን ብቻ ንገሩና "ሲመጣ ይደውልልኝ" በሉ። ራሱ ካነሳው "ለምን ቀረህ?" ብላችሁ አትጀምሩ። "እንዴት ሰነበቱ?" በሉ፣ መልሱን ጠብቁ፣ ከዚያ የትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚመቸው ጠይቃችሁ እሱን ጻፉ።